ጉበትና ቴስላ፦ የማግኔት ጉልበት የኤምአርአይ ምስልን እንዴት ይወስናል?

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር፣ ካልሆነም እስከ አዲስ አበባ። በደቡብ ጎንደር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ጉበቱን ሲታመም የሪፈር ወረቀቱን ይዞ የሚጓዘው በዚህ መስመር ነው። ከንፋስ መውጫ ባሕር ዳር ለመድረስ ብቻ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ለመጓጓዣው፣ ለአልጋውና ለምርመራው የሚሆነው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በግ ወይም በሬ ተሽጦ፣ አለዚያም ከዘመድ ተበድሮ ይገኛል። እንዲህ ተደክሞ ከተማ ሲደረስ፣ በማግኔት የሰውነትን ውስጥ ስለሚያነሣው የኤምአርአይ ማሽን ቤተሰቡ ሰምቶት የማያውቅ ቁጥር ይመጣበታል፤ «የዚህኛው ማሽን 0.35 ቴስላ ነው፣ የዚያኛው 1.5 ነው፣ 3 ቴስላ ቢገኝ ደግሞ የተሻለ ነበር» ይባላል። ቁጥሩ ምን እንደሚለካ የሚያስረዳው ካጣ ሰው የሚገምተው አንድ ነገር ነው፦ ትልቁ ይሻላል።

ግምቱ በከፊል ትክክል ነው። ከ0.35 ወደ 1.5 ቴስላ ሲወጣ የጉበት ምስል በእጅጉ ይለወጣል። ከ1.5 ወደ 3 ሲወጣ ግን ትርፉ ይቀንሳል፤ ሆዱ ውሃ የያዘ ሕመምተኛ ላይማ ምስሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ሐኪሙ ስለ ጉበቱ ማወቅ የፈለገው ነገርና ማሽኑ ያንን ነገር የማሳየት አቅሙ መገጣጠማቸው ነው። ይህን ለመረዳት የፊዚክስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ቴስላ የሚለካው ምንድን ነው?

ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። የኮምፓስ መርፌን የሚያዞረው የምድራችን ማግኔት በኢትዮጵያ ምድር ላይ 0.00004 ቴስላ እንኳ አይሞላም። አንድ 1.5 ቴስላ የኤምአርአይ ማሽን ከዚህ 40 ሺህ እጥፍ ገደማ ይበረታል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጉልበት የሚያስፈልገው ሰውነታችን ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ለማስተባበር ነው። ውሃና ስብ በሃይድሮጅን የተሞሉ ናቸው። በእያንዳንዱ የሃይድሮጅን አቶም መካከል ያለው ፕሮቶን ራሱ እጅግ ትንሽ ማግኔት ነው። ሰውየው ከማሽኑ ውጭ ሳለ እነዚህ ፕሮቶኖች በየአቅጣጫው ተበታትነው ይዞራሉ፤ የአንዱ የሌላውን ስለሚያጠፋ በድምሩ ምንም አይታይም። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ጥቂቶቹ የማግኔቱን አቅጣጫ ይይዛሉ። «ጥቂት» ሲባል በጣም ጥቂት ነው፤ በ1.5 ቴስላ ከ1 ሚሊዮን ፕሮቶን ውስጥ ትርፍ ሆነው ወደ ማግኔቱ የሚያደሉት 5 ያህል ብቻ ናቸው። በ3 ቴስላ 10 ይሆናሉ። በ0.35 ቴስላ ደግሞ ከ1 ብዙም አይበልጡም። ምስሉ የሚሠራው ከእነዚህ ትርፍ ፕሮቶኖች ብቻ ነው።

ማሽኑ ቀጥሎ የሬዲዮ ሞገድ ይልክና እነዚህን ፕሮቶኖች ከተሰለፉበት ያዘነብላቸዋል። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ እነሱም በተራቸው ደካማ የሬዲዮ ምልክት ይሰጣሉ። ሆድ ላይ የሚታሰረው መቀበያ፣ ባለሙያዎቹ ኮይል የሚሉት፣ ያንን ምልክት ይለቅማል፤ ኮምፒውተሩም ወደ ምስል ይለውጠዋል። የሞገዱ ድግግሞሽ ከማግኔቱ ጉልበት ጋር አብሮ ይወጣል፤ በ1.5 ቴስላ 64 ሜጋኸርዝ ያህል፣ በ3 ቴስላ 128 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። ኤፍ ኤም ሬዲዮ የምንሰማበት ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው መስመር በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ጨረሩ የራጅ ወይም የሲቲ ስካን ዓይነት አይደለም፤ ሬዲዮ ነው። የዚህን ሞገድ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ 3 ቴስላ ሆድ ውስጥ ለምን እንደሚቸገር በኋላ የሚያስረዳን እሱ ነው።

ጉልበት ምስልን የሚያጠራው እንዴት ነው?

ገበያ መካከል ቆሞ ከሩቅ የሚጠራን ሰው እናስብ። በጫጫታው ምክንያት የሚለው አይሰማም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ ጠሪው ድምፁን ከፍ ያድርግ፣ ወይ ደጋግሞ ይናገር። ኤምአርአይም እንዲሁ ነው። ከፕሮቶኖቹ የሚመጣው ምልክት አለ፤ ከሰውነቱ ሙቀትና ከመሣሪያው ራሱ የሚመጣ ጫጫታም አለ። ምስሉ የሚጠራው ምልክቱ ከጫጫታው በልጦ ሲሰማ ነው። የማግኔቱ ጉልበት ሲጨምር ምልክቱ በዚያው መጠን ይጨምራል፤ ደካማ ማግኔት ያለው ማሽን ግን አንድን ልኬት ደጋግሞ በመውሰድ ያካክሳል።

ድጋሚው ታዲያ ዋጋው ውድ ነው። ምልክቱን ከጫጫታው አንጻር በእጥፍ ለማሳደግ 4 ጊዜ፣ በ3 እጥፍ ለማሳደግ 9 ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። በቀላሉ ስናሰላው 1.5 ቴስላ ከ0.35 ቴስላ በምልክት ከ4 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ 0.35 ቴስላ ማሽን ያንኑ ጥራት በድጋሚ ብቻ ላምጣ ካለ 18 ጊዜ ያህል የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል።

ለእግር ጉልበት ወይም ለአከርካሪ ምርመራ ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም። ሕመምተኛው ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፤ ማሽኑም የሚፈልገውን ያህል ይደግማል። በዝቅተኛ ማግኔት የተነሳ የወገብ ምስል ለብዙ ሕሙማን በቂ መልስ የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

ጉበት ግን አይጠብቅም

ጉበት ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር፣ ከዲያፍራም ጋር ተያይዞ የሚኖር ብልት ነው። እያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ታች ይገፋዋል፣ ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ በአንድ ተራ ትንፋሽ እንኳ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊንቀሳቀስ ይችላል። እንግዲህ የምንፈልገው እባጭ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ጉበቱ እየተንቀሳቀሰ የተነሳ ምስል ውስጥ ሊሰወር ይችላል።

ስለዚህ ወሳኝ የሆኑት የጉበት ምስሎች የሚነሡት ትንፋሽ ተይዞ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጉበቱ ከላይ እስከ ታች መነሣት አለበት። አሁን ቅድም ያሰላነውን እናምጣው። 1.5 ቴስላ በ18 ሰከንድ የሚጨርሰውን፣ 0.35 ቴስላ በዚያው ጥራት ልሥራ ቢል ከ5 ደቂቃ በላይ ያስፈልገዋል። ይህን ያህል ትንፋሹን እንዲይዝ ከሕመምተኛ አይጠበቅም። ማሽኑ ያለው ምርጫ ጥራቱን መቀነስ ነው፤ ምስሉ የሚነሣባቸውን የጉበት ቁራጮች ያወፍራል፣ ዝርዝሩን ይተዋል። ቁራጩ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ትንሿ እባጭ ከአካባቢዋ ጤነኛ ሥጋ ጋር ተቀላቅላ አንድ ግራጫ ነጥብ ትሆናለች፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ለብቻዋ ትታያለች።

የማግኔት ጉልበት ለጉበት የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ እንግዲህ ጊዜ ነው። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ጥሩ ምስል ለመጨረስ የሚያስችለው እሱ ነው።

ጊዜው የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ጉበት ውስጥ ያለ እባጭ ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚለየው ብዙ ጊዜ ደም እንዴት እንደሚገባበትና እንደሚወጣበት በማየት ነው። ለዚህ ሲባል በክንድ ደም ሥር ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት ይሰጣል፤ ሕሙማን «ቀለም» የሚሉት ይህን ነው። መድኃኒቱ በዋናው የደም ቧንቧ በኩል ጉበት የሚደርስባት ቅጽበት አጭር ናት፤ ከተሰጠ ከ20 እስከ 35 ሰከንድ ገደማ። ከ1 ደቂቃ በኋላ ከአንጀት በሚመጣው ደም ሥር በኩል ጉበቱን ያዳርሳል። ከ3 ደቂቃ በኋላ የመጨረሻው ምስል ይነሣል። የጉበት ካንሰር ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከአካባቢው ይልቅ ይደምቃል፣ በኋላ ደግሞ ከአካባቢው ቀድሞ ይደበዝዛል። ያቺ የመጀመሪያ ቅጽበት ካመለጠች ምርመራው ተሠርቶም ዋናው መልስ ሊቀር ይችላል። ዝግተኛ ማሽን የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ስብና ውሃን መለየት

ሌላው የጉልበት ጥቅም ስብን ከውሃ መለየት ነው። በስብ ውስጥ ያለው ፕሮቶን ከውሃው ፕሮቶን በጥቂቱ በተለየ ፍጥነት ይዞራል። ልዩነቱ በ0.35 ቴስላ 50 ኸርዝ፣ በ1.5 ቴስላ 220 ኸርዝ፣ በ3 ቴስላ 440 ኸርዝ ያህል ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ማሽኑ የስቡን ምልክት ለይቶ ማጥፋት ይችላል። በጉበት ምርመራ ይህ ቁልፍ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ስብም ሆነ መድኃኒቱ የደረሰበት ሥጋ በምስሉ ላይ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ስቡ ካልጠፋ የትኛው ነጭ ስብ፣ የትኛው ነጭ እባጭ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ጉበት ላይ የተከማቸ ስብን መጠን ለመለካትም ይኸው ልዩነት ያገለግላል። በ1.5ም በ3ም ቴስላ ይህ ልኬት አስተማማኝ ነው። በድሮዎቹ ዝቅተኛ ማግኔቶች ግን ሁለቱ እስኪለያዩ መጠበቅ ስለሚረዝም ምልክቱ በመሐል ይደክማል።

3 ቴስላ ሁልጊዜ የማይበልጠው ለምንድን ነው?

እስካሁን ባየነው ስሌት 3 ቴስላ ከ1.5 ሁለት እጥፍ መሻል ነበረበት። ሆድ ውስጥ ግን ያ ትርፍ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። አራት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የሬዲዮ ሞገዱ ርዝመት ነው። በ1.5 ቴስላ ሞገዱ ውሃ በበዛበት ሥጋ ውስጥ 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በ3 ቴስላ ግማሹ፣ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የአዋቂ ሰው ሆድ ስፋት ከዚህ ይበልጣል። ሞገዱ ከሆዱ ሲያጥር ከዚህም ከዚያም የሚገቡት ሞገዶች አንዱ ቦታ ላይ ይደራረባሉ፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። ውጤቱ በምስሉ መካከል፣ ብዙ ጊዜ በጉበቱ የግራ ክፍል ላይ የሚያርፍ ጥቁር ጥላ ነው። ሆድ ውስጥ ውሃ ሲቋጠር ችግሩ ይብሳል፤ ጨዋማው ፈሳሽ ሞገዱን ይውጠዋል። በአገራችን ለጉበት ምርመራ ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ የሚደርሱት ሆዳቸው ውሃ ከያዘ በኋላ በመሆኑ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አዳዲስ የ3 ቴስላ ማሽኖች ሞገዱን ከሁለት አቅጣጫ በመላክ ጥላውን ያቃልሉታል፤ ጨርሰው ግን አያጠፉትም። ሆዱ የተነፋ ሕመምተኛ በ1.5 ቴስላ ቢነሣ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ጉልበቱ በእጥፍ ሲጨምር ሰውነት ውስጥ የሚቀረው የሬዲዮ ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። ማሽኑ ከተፈቀደው መጠን እንዳያልፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በጉልበት ካገኘው ጊዜ ላይ እንዲህ አድርጎ መልሶ ይከፍላል።

ሦስተኛው ማግኔትን የሚያዛቡ ነገሮች ናቸው። ከጉበት አጠገብ ባለ አንጀት ውስጥ ያለ አየር፣ በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት፣ ጉበት ላይ የተከማቸ ብረት፣ ሁሉም በ3 ቴስላ የሚያደርሱት መዛባት ይበረታል። ደም ደጋግሞ በመውሰድ ጉበቱ ብረት ያጠራቀመ ሰው በ3 ቴስላ ሲነሣ ምልክቱ በ1.5 ከሚጠፋበት በእጥፍ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ልኬቱም ይሳሳታል። ለብረት ልኬት 1.5 ይመረጣል።

አራተኛው ፕሮቶኖቹ ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት ፍጥነት ነው። ጉልበቱ ሲጨምር የጉበት ፕሮቶኖች የሚመለሱት ዘግይተው ነው፤ በ1.5 ቴስላ 0.6 ሰከንድ ገደማ የነበረው በ3 ቴስላ 0.8 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከትርፉ የተወሰነው በዚህ ይበላል። በአንጻሩ መድኃኒቱ የደረሰበት ሥጋ ካልደረሰበት ይበልጥ ተለይቶ ስለሚታይ 3 ቴስላ በዚህ በኩል ይክሳል።

3 ቴስላ የሚያሸንፍበትም ቦታ አለ፤ ቀጫጭን የሐሞት ቱቦዎችን በማሳየትና ትንንሽ እባጮችን በቀጭን ቁራጭ በመለየት ጥሩ ነው፤ ሕመምተኛው ቀጭን፣ ሆዱም ውሃ ያልያዘ ሲሆን። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ለጉበት ካንሰር ምርመራ ባወጣው መመሪያ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ይበቃል ይላል፤ አንዱን ከሌላው አያስቀድምም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለሕክምና የተፈቀደው 7 ቴስላ ደግሞ ለጭንቅላትና ለእጅ እግር መገጣጠሚያ ነው፤ ለጉበት አይደለም።

ለየትኛው ሕመም የትኛው መሣሪያ?

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ውስጥ ጉበቱን ለታመመ ሰው አብዛኛው ጥያቄ ያለ ኤምአርአይ ይመለሳል። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ሳያስፈልጋቸው በሬ የሚሸጡ ሰዎች እንዳይኖሩ።

የሐሞት ጠጠር፣ ጉበት ላይ የቋጠረ መግል፣ ከውሻና ከበግ ጋር በሚኖር ሰው ላይ የሚገኘው የትል ከረጢት፣ እነዚህን አልትራሳውንድ በደንብ ያሳያል። በጣና ዙሪያ የሚታወቀው ቢልሃርዚያ በጉበት ደም ሥሮች ዙሪያ የሚያመጣው ጠባሳም ዋና መለያው አልትራሳውንድ ነው። ጣፊያንና ጉበትን የሚያሳብጠው ካላዛር፣ በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ላይ በወረርሽኝ የታየው፣ በደምና በናሙና ምርመራ ይረጋገጣል።

ፈሳሽ ያለባቸው ነገሮች በዝቅተኛ ማግኔትም ጎልተው ይወጣሉ፤ ውሃ ራሱ ብርቱ ምልክት ስላለው። ስለዚህ የውሃ ከረጢትን ወይም የሰፋ ዋና የሐሞት ቱቦን ማየት ከተፈለገ 0.35 ቴስላም ሊጠቅም ይችላል። ለዚህ የታሪክ ምስክርም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በስኮትላንድ አበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ሰውነቱን በኤምአርአይ የተነሣው የመጀመሪያው ሕመምተኛ የገባበት ማሽን 0.04 ቴስላ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ የደረቱን ዕጢ፣ ጤነኛ ያልሆነ ጉበቱንና ወደ አጥንቱ የተሰራጨውን ካንሰር አሳይቷል። በሽታው ሲገዝፍ ደካማ ማግኔትም ያየዋል።

ጉልበት የግድ የሚሆነው ጥያቄው ሲረቅ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምክንያት ጉበቱ ጠባሳ የያዘ ሰው አልትራሳውንድ ላይ ከ1 ሳንቲ ሜትር የበለጠ አዲስ እባጭ ከታየበት፣ ካንሰር ይሁን አይሁን መለየት አለበት። እዚህ ላይ 1.5 ቴስላ ወይም ከዚያ በላይ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ያስፈልጋል። መድኃኒቱን ተከትሎ በየቅጽበቱ የሚነሣ ሲቲ ስካንም ተቀባይነት ያለው አማራጭ ነው፤ በብዙ ቦታም ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከደካማ ኤምአርአይ ይልቅ በደንብ የተሠራ ሲቲ ስካን ይሻላል።

ብርቱ ማሽን በየቦታው የማይገኘው ለምንድን ነው?

1.5 እና 3 ቴስላ ማግኔቶች የሚሠሩት ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ብክነት በሚያዞር ሽቦ ነው። ሽቦው እንዲህ የሚሆነው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ሲቀመጥ ነው። በተለመዱት ማሽኖች ሂሊየሙ ከ1 ሺህ ሊትር በላይ ነው። ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት መሥራት አለበት፤ መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ ሂሊየሙ ይተናል፣ መልሶ መሙላቱም ብዙ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ 7 ሊትር ሂሊየም ብቻ ታሽጎ የሚሠራ 1.5 ቴስላ ማሽን ወጥቷል፤ እንደ እኛ ላለ አገር ተስፋ የሚሰጥ ነው።

ከ0.2 እስከ 0.4 ቴስላ ያሉት አብዛኞቹ ማሽኖች ግን በቋሚ ማግኔት የተሠሩ ናቸው። ሂሊየም አይፈልጉም፣ መብራት ቢጠፋም ማግኔታቸው አይጠፋም፣ ወጪያቸውም ያነሰ ነው። ጎናቸው ክፍት በመሆኑ የተዘጋ ነገር ለሚያስፈራው ሰው ይመቻሉ። መብራቱ በማይታመንበት አገር መመረጣቸው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የአንጎልና የአከርካሪ ሕሙማንንም በብዛት ጠቅመዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ አዳዲስ የ0.55 ቴስላ ማሽኖች በተሻለ መቀበያና ጫጫታን በሚቀንስ የኮምፒውተር ስሌት እየታገዙ የሆድ ምርመራን እየሞከሩት ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አንድ ማሽን አይናቅም፤ ዕድሜውና መሣሪያው አብሮ ይታይ።

ከቁጥሩ እኩል የሚቆጠሩ ነገሮች

ሁለት 1.5 ቴስላ ማሽኖች አንድ ዓይነት የጉበት ምስል ላያወጡ ይችላሉ። ሆድ ላይ የሚታሰር ባለ ብዙ መቀበያ ኮይል ያለው ማሽን በራሱ ውስጥ ባለው መቀበያ ብቻ ከሚሠራው እጅግ ይሻላል። መድኃኒቱን በተወሰነ ፍጥነት የሚሰጥ መርፌ መኖሩ፣ ቅጽበቷን ጠብቆ የሚያነሣ ሠልጣኝ ባለሙያ መኖሩ፣ የሆድ ምስል ማንበብ የለመደ ራዲዮሎጂስት መኖሩ፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ተጨማሪ ቴስላ ይበልጣሉ።

ሕመምተኛውም ድርሻ አለው። ትንፋሽ ተይዞ የሚነሣው ምስል ጥራት በሰውየው ላይ ያረፈ ነው። ባለሙያው «ትንፋሽዎን ያስወጡ፣ አሁን ይያዙ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ቀድሞ ተነግሮት፣ ከማሽኑ ውጭ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማምዶ የገባ ሽማግሌ በደንብ ይነሣል። ሳይነገረው ገብቶ በማሽኑ ጩኸት የደነገጠ ጎልማሳ ግን ምስሉ ይንቀጠቀጥበታል። ስለዚህ ማብራሪያውን በሚገባው ቋንቋና በትዕግሥት መስጠት የምርመራው አካል ነው። ሆዱ ውሃ ይዞ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ሐኪሙ ከምርመራው በፊት ውሃውን ማስቀነስ ይችላል፤ ይህም ምስሉን ይረዳል።

ከመነሣትዎ በፊት

የኤምአርአይ ወረቀት ከተጻፈልዎ ንፋስ መውጫም ሆነ ደብረ ታቦር ላይ ላከመዎት ሐኪም እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርቡ።

አንደኛ፦ ይህ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው? በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ሊመለስ አይችልም?

ሁለተኛ፦ ለዚህ ጥያቄ ስንት ቴስላ ያስፈልጋል? ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ጉበት፣ በመድኃኒት፣ 1.5 ቴስላ ወይም በላይ» ብሎ ቢጽፍልዎ ከተማ ደርሶ ከመንገላታት ያድናል።

ሦስተኛ፦ የሚላኩበት ማዕከል ማሽን በዚህ ሳምንት እየሠራ ነው? መድኃኒቱስ አለ? የሆድ ኮይልስ? በስልክ ተጠይቆ ይታወቃል፤ ከ175 ኪሎ ሜትር መንገድ በፊት አንድ ጥሪ ይቀድማል።

ቀድሞ የተነሣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን ወይም የደም ውጤት ካለ ሁሉንም ይያዙ። ከምርመራው በፊት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምግብ አይቀመስም። የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ስለ መድኃኒቱ አስቀድመው ይንገሩ። እርግዝናም እንዲሁ ይነገራል።

ከሁሉ በላይ ብረት። የማግኔቱ ስበት መቼም አይጠፋም። የአንገት መስቀል፣ ሐብል፣ ቀለበት፣ የብረት ማቀፊያ ያለው ክታብ፣ ሳንቲም፣ ስልክ፣ ሁሉም ውጭ ይቀራል። በሰውነቱ ውስጥ ጥይት ወይም የፈንጂ ስብርባሪ የቀረበት ሰው፣ የልብ ምት ማስተካከያ ወይም በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት ያለው ሰው ሳይናገር መግባት የለበትም። በአካባቢያችን ቁስሉ ድኖ ስብርባሪው ውስጡ የቀረ ብዙ ሰው አለና ይህ በዋዛ አይታለፍ። አንዳንድ ብረት በ1.5 ቴስላ ተፈትኖ ተፈቅዶ በ3 ላይ አይፈቀድም። የአንገት ወይም የድድ ንቅሳትም ቢሆን ይነገር፤ አልፎ አልፎ ቀለሙ ሊሞቅ ይችላል።

ለማን ምን ይግባ?

ለክልላችን ሆስፒታሎች መሣሪያ ሲታቀድ የሚጠየቀው «ስንት ቴስላ?» ብቻ ከሆነ እንሳሳታለን። ለጉበት በሽተኛ የሚጠቅመው በሆድ ኮይል፣ በመድኃኒት መስጫ፣ በአስተማማኝ መብራትና በሠለጠነ ባለሙያ የተሟላ 1.5 ቴስላ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ። ኮይል ጎድሎት ወይም ባለሙያ አጥቶ የሚቀመጥ 3 ቴስላ ሕዝቡን አይጠቅምም። ለጥገናና ለሥልጠና የሚመደበው ገንዘብ ከግዢው ጋር አብሮ ካልታሰበ ማሽኑ ሲቆም የሚጉላላው ከጋይንት ተነሥቶ የመጣው ሰው ነው።

ከማሽኑ በፊት የሚቀድም ሥራም አለ። የጉበት ጠባሳንና ካንሰርን ከሚያመጡት ዋናዎች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ክትባቱ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት በሚሰጠው የ5 በሽታዎች ክትባት ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን ግን አልተከተብንም። በአንድ ጠብታ ደም የሚሠራው ምርመራ ቀላል ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ቀድሞ ካወቀ መድኃኒት ቢያስፈልገው ይጀምራል፤ ለካንሰር የተጋለጠ ከሆነም በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይታያል። እባጩ ትንሽ ሳለ ሲገኝ ለሕክምና ይመቻል፤ ያኔ ጥሩ ማግኔት ፍለጋ የሚደረገው ጉዞም ዋጋ ይኖረዋል። ስለዚህ ቤተሰባችሁ ውስጥ የጉበት በሽታ ያለበት ወይም በጉበት የሞተ ሰው ካለ፣ ሳትታመሙ በቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ጠይቁ።